ንጹሑንም ዛፍ እንመዝግብ
በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከምትሠራበት ቦታ አንድ ነገር ይዘህልን ና» ብለውኛል። የምሠራው ፈረስ ቤት ነው፤ ምዕራብ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ወረዳ። ከዚያ ይዤላችሁ የመጣሁት የዛፍ ወሬ ነው። ስለ አንድ የዛፍ በሽታና ይህን በሽታ በካርታ ስለ መከታተል እነግራችኋለሁ። የደን ሰዎች ያልሆናችሁ «ይሄስ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ለሻይ እንዳትወጡብኝ፤ መጨረሻ ላይ ከብዙዎቻችሁ የምለምነው አለኝ።

ዛፉ ዲከረንስ ነው። አገሩ አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ነው። እኛ ዘንድ ስሙ የገነነው በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። በአዲስ ቅዳም በኩል ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ግራና ቀኝ በሱ የተሸፈነ ነበር። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ፣ ማዳበሪያም ተጨምሮበት የረባ ምርት አልሰጥ ሲል ገበሬው ወደዚህ ዛፍ ዞረ። እንዲትከል ብዙ የወተወተው ሰው አልነበረም፤ የጎረቤቱን አይቶ ነው የተከለው።

አሠራሩን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ችግኙ በመጀመሪያው ክረምት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ይታጨዳል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይከሰላል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ለጤፍና ለችግኝ ይዘጋጃል። ዛፉ ከአየር ናይትሮጅን ይዞ ወደ አፈር የሚያስገባ ስለሆነ የደከመው መሬትም ያገግማል። ከሰሉ ደግሞ በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚህ ገንዘብ ልጅ ተምሯል፣ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ተከፍሏል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በከሰል ብር የተማረ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

እንግዲህ ይህን ዛፍ ነው በሽታ ያገኘው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአዊ ሰፊ የዲከረንስ ማሳ ደርቋል። ገበሬው ለዕድሜው ያልደረሰውን ዛፍ እየቆረጠ፣ አንዳንዱም ነቅሎ ወደ ጤፍና ወደ ድንች እየተመለሰ ነው።

በሽታው ዋግ ነው። ስንዴ የሚዘራ ሁሉ ዋግን ያውቃል፤ ይሄኛው የዛፍ ዋግ ነው። የሚያመጣው ፈንገስ በሳይንሳዊ ስሙ ኡሮሚክላዲየም አካሲዬ ይባላል። በቅጠሉ፣ በቅጠሉ ዘንግና በለጋው ቅርንጫፍ ላይ ቡናማ ብናኝ ይወጣል። አየሩ ሲረጥብ ብናኙ እንደ ሙጫ ይዝለገለጋል። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ይረግፋል፤ ዛፉ ማደግ ያቆማል። ክፉኛ የሚጎዳው ለጋውን ነው። አምስት ዓመት የሞላው ዛፍ ቢታመም ቢያንስ ከሰል ይሆናል፤ የሁለት ዓመቱ ግን ገበሬው ጤፉንም ከሰሉንም ያጣበት ዛፍ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ልበል፤ የገበሬው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለሆነ። «ወደ ስንዴዬ ይሻገራል ወይ?» ይላሉ። አይሻገርም። የዲከረንሱ ዋግ ስንዴ ላይ አይኖርም፣ የስንዴውም ዲከረንስ ላይ አይኖርም። እያንዳንዱ ዋግ የሚኖርበትን ሕያው ተክል መርጦ የሚይዝ ነው።

ይህ ፈንገስ እኛ ጋ አልጀመረም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በክዋዙሉ ናታል ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ታየ። የያዘው ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን ቅርፊት የሚገኝበትን የዲከረንስን የቅርብ ዘመድ፣ እነሱ ብላክ ዋትል የሚሉትን ዛፍ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ተመራማሪዎቻቸው ማንነቱን ለይተው አሳተሙ። እዚያ ተክሉ በአብዛኛው በትላልቅ ድርጅቶችና በትላልቅ አምራቾች እጅ ስለሆነ ለጋው ማሳ ላይ ፀረ-ፈንገስ ይረጫሉ። የኛ ገበሬ ግን ያለው አንድ ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር ያህል መሬት ነው። ለአምስት ዓመት የከሰል ዛፍ በየጊዜው መድኃኒት ግዛና እርጭ ብንለው የከሰሉ ዋጋ አይሸፍንለትም። ስለዚህ የኛ መፍትሔ ሌላ መሆን አለበት።

«ታዲያ አንተ ፈረስ ቤት ነህ፤ አዊ ምን አገናኘህ?» የሚል ይኖራል። ሁለት ነገር ያገናኘናል። አንደኛው ነፋስ ነው። ደጋ ዳሞት ከአዊ በስተ ምሥራቅ ነው፤ የክረምቱ እርጥብ ነፋስ ደግሞ በብዛት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። የፈንገሱን ብናኝ የሚበትነውም፣ እንዲበቅል እርጥበት የሚሰጠውም እሱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ነው። ከእንጅባራ በጥሊሊ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ደንበጫ የሚወርደው አስፋልት ችግኝም፣ ጣውላም፣ ከሰልም የሚጓዝበት ነው። ከሰሉ ራሱ በሽታ አይሸከምም፤ በእሳት ያለፈ ነው። ነገር ግን የጆንያው አፍ በለጋ የዲከረንስ ቅርንጫፍ ተደፍኖ የሚጓዝ ከሆነ ቅጠሉ ይሸከማል። ታምሞ ያልታወቀ ችግኝማ ይብሳል።

ስለዚህ «በሽታው የት ደረሰ?» የሚለውን መመለስ አለብን፤ ይህ ደግሞ የካርታ ጥያቄ ነው። ቢሮ ስንሰበሰብ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ሳተላይት አለ እኮ» የሚል ነው። አለ። ሴንቲኔል-2 የሚባለው በየአምስት ቀኑ ያልፋል፣ ምስሉም በነፃ ይገኛል። አንዱ የምስል ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ቃዳ 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው ብንል 25 ነጥብ ይሆናል። ከነዚህ 16ቱ ዳር ላይ ናቸው፤ ከጎረቤት ገብስና ባሕር ዛፍ ጋር የመቀላቀል ዕድላቸው ሰፊ ነው። በርግጠኝነት «የዚህ ማሳ ነው» የምንለው 9 ነጥብ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዋጉ በሚስፋፋበት በክረምት ሰማዩ ደመና ነው። ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ማሳው ባዶ ሆኖ ብናየው፣ በሽታ ጨርሶት ይሁን ዕድሜው ደርሶ ተቆርጦ ይሁን ከላይ ሆነን አንለይም። ሳተላይቱ የት ሄደን እንይ የሚለውን ይጠቁመናል። ማሳው ውስጥ ገብቶ ቅጠል ማገላበጥ ግን የሰው ሥራ ነው።

ሰውም ሄዶ ሲያይ የሚያመጣልን ካርታ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው። በሽታ ያየበት ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ ያደርጋል፣ ይመለሳል። ቀይ ነጥብ የሌለበት ቦታስ? ተሄዶ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ ወይስ ማንም አልሄደበትም? ካርታው ላይ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ለውሳኔ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የአንዱን ቀበሌ ችግኝ ጣቢያ አምነን ዘር እንወስድበታለን፤ ሌላውን ገና ማየት ይቀረናል። ቀን የሌለው ነጥብም እንዲሁ ነው። በሰኔ ንጹሕ የነበረ ማሳ በመስከረም ላይሆን ይችላል። ቀኑ ካልተጻፈ በሽታው በየት በኩል እየሄደ እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ማሳ ለማሳ ስንዞር አንድ ሽማግሌ ስልኬን አይተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይሄ ቀይ ነገር የኔ ማሳ ነው?» አዎ አልኳቸው። «ነጋዴውም ያየዋል?» አሉኝ። ዛፍ ቆሞ ነው የሚሸጠው። ነጋዴ መጥቶ ማሳውን ተዘዋውሮ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። «እዚያ ሰፈር በሽታ ገብቷል» የሚል ወሬ ከተሰማ የታመመውም ያልታመመውም በአንድ ዋጋ ይወርዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ገበሬውን ልንገሥጽ እንችላለን። ግን መድኃኒቱን ይዘን ሄደናል ወይ? ይዘን የሄድነው ስልክና ቅጽ ብቻ ከሆነ መደበቁ ምክንያት አለው።

ከዚህ ተነስቼ ሁለት ነገር አምናለሁ። አንደኛ፣ ለሕዝብ የሚወጣው ካርታ በቀበሌ ደረጃ ይሁን፤ የእያንዳንዱ አባወራ ማሳ ዝርዝር ከቀበሌው የግብርና ባለሙያና ከራሱ ከገበሬው አይውጣ። ሁለተኛ፣ ገበሬው ከምዝገባው የሚያገኘው ጥቅም ይኑር። ጥቅሙ ደግሞ ያለው እኛ ከማንመዘግበው ነገር ውስጥ ነው፤ ከንጹሑ ዛፍ።

ይህን ያስተማረን የራሳችን ቡና ነው። የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ነው። ያኔ የነበሩ ባለሙያዎች በሽታው የበረታባቸውን ማሳዎች እየዞሩ ሲያዩ የታመመውን ብቻ አልቆጠሩም። ዙሪያው ሁሉ ፍሬው ጠቁሮ ሲረግፍ መሐል ላይ ፍሬውን ይዞ የቆመ ዛፍ ፈለጉ። ባለቤቱ ገበሬ ያሳያቸውን ዛፍ ምልክት አደረጉበት፣ ዘር ወሰዱ፣ ጅማ ላይ ፈተሹት። ዛሬ 74110፣ 74112፣ 74165 እየተባሉ የሚተከሉት የቡና ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የወጡ ናቸው። ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው። በሽታው በታየ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚቋቋም ዘር ለገበሬ መድረስ የጀመረው፣ አንዳንድ ሰዎች በታመመ ማሳ ውስጥ ጤነኛውን ለመፈለግ ዓይን ስለነበራቸው ነው።

ቡናና ዲከረንስ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ደብቄ አልሸጥላችሁም። ቡና አገሩ እዚህ ነው፤ በጫካችን ውስጥ ያለው የዘር ስብጥር ሰፊ ነው። ዲከረንስ መጤ ነው፤ ዘሩ ከማሳ ማሳ፣ ከጎረቤት ጎረቤት እየተለቀመ የተስፋፋ ስለሆነ ስብጥሩ ጠባብ ቢሆን አይገርምም። የሚቋቋም ዛፍ በጣም ጥቂት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ዲከረንስ ከሌላ ዛፍ ጋር የሚዳቀል ነው፤ ከንጹሕ እናት የተለቀመ ዘር ሁሉ ንጹሕ አይወጣም። ንጹሕ የመሰለን ዛፍም ብናኝ ገና ያልደረሰበት ዕድለኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምልክት የሚደረገው ዙሪያው ታምሞ እሱ በደህና በቆመው ዛፍ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምትም ተመልሶ ይታያል። ሁለት ክረምት የቆመ ከሆነ ዘሩ ተወስዶ በችግኝ ደረጃ ይፈተሻል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምንም ላይገኝ ይችላል። ካልፈለግን ግን እንደማይገኝ እርግጥ ነው። በሽታው ያሳሰበው ገበሬም እየተጣደፈ ሁሉንም ሲቆርጥ ያቺን አንድ ዛፍ አብሮ ይከስላታል።

ሽማግሌው ጋ ስመለስ የተናገርኩት ይህንኑ ነው። «ያልታመመ ዛፍ ካለዎት እሱን ያሳዩኝ፤ እሱን እመዘግብልዎታለሁ፤ አይቁረጡት» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ማሳቸውን ከዳር እስከ ዳር አብረን ዞርነው፤ እግረ መንገዳችንንም የታመመውን ሁሉ ራሳቸው አሳዩኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እሱም ከስንዴ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴያችንን ሲያጠፋ ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ተቋቁሞ ተገኘ። ገበሬው ተሻማበት፣ ብዙ ቦታም ሸፈነ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ2013 እና በ2014፣ ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ መጥቶ ያንኑ ዲጋሉ አወደመው። አንድ ንጹሕ ዛፍ አግኝተን አገሩን በሱ ልጆች ብንሞላው ሌላ ዲጋሉ ተከልን ማለት ነው። ብዙ እናቶች ያስፈልጉናል። ከዛፍም ሌላ ዛፍ ያስፈልገናል፤ ለደጋው ኮሶ፣ ትሪሉሰርን፣ ግራቪሊያ፣ ቀርከሃ አሉ። የደብር ደን ያላችሁበት አገር ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ጥዱም ወይራውም ኮሶውም ተቀላቅሎ ስለሚቆም አንዱ ቢታመም ቦታው ባዶ አይቀርም።

ከስንዴ የምንወስደው በጎ ነገርም አለ። አገራችን ለስንዴ ዋግ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አላት። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት አብረው የሠሩበት ነው። ባለሙያዎች ማሳ ያያሉ፣ ያዩት በስልክ ይላካል፣ ብናኙ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ይሰላል፣ ማስጠንቀቂያው እስከ ገበሬው ይወርዳል። ነፋሱ ያው ነው፣ የልማት ባለሙያውም ያው ነው። ያንኑ መንገድ ለዛፍም መጠቀም የሚከለክለን ነገር አይታየኝም።

አሁን ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ልዘርዝር። በሽታ ከታየበት አካባቢ የዲከረንስ ችግኝ አናዛውር። ችግኝ ጣቢያ ከማሳ በፊት ይታይ፤ ችግኝ ሲሸጥ ቅጠሉ ተገላብጦ ይሸጥ። የከሰል ጆንያ በደረቅ ሣር ይደፈን። ከታመመ ትልቅ ዛፍ ጎን ለጋ ችግኝ አንትከል። የታመመ ማሳ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው፣ ባለሙያውን ጨምሮ፣ ልብሱንና ጫማውን ሳያጸዳ ወደ ችግኝ ጣቢያ አይግባ። መሬቱን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ያዋለ ገበሬ ቢያንስ ግማሹን ለሌላ ያውለው። እነዚህ በሽታውን አያጠፉትም፤ በነፋስ የሚሄድን ነገር ማን ያግደዋል። ያዘገዩታል ግን፤ የአንድ ዓመት መዘግየት ደግሞ አራት ዓመት የሞላውን ዛፍ ለከሰል ያደርሰዋል።

ለምዝገባው የምጠይቀው ቅጽ አንድ ገጽ ነው። ቀን። የማሳው ዕድሜ። ሠላሳ ዛፍ ታይቶ ስንቱ ታመመ፤ ዜሮ ከሆነም «ዜሮ» ተብሎ ይጻፍ። በመጨረሻም «በታመመ መሐል ደህና የቆመ ዛፍ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ። ይህን ለመሙላት ዲግሪ አያስፈልግም። አሥረኛ ክፍል ያቋረጠ የገበሬ ልጅ ስልክ ይዞ ይሞላዋል። መንገድ በማይከፈትበት ወር እኛ ባንደርስ እሱ እዚያው ነው።

ወደ ልመናዬ ደረስኩ። የተከበራችሁ መምህራን፣ በየዓመቱ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ማሳ ይለካሉ፣ ዛፍ ይቆጥራሉ፤ ሥራው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አንዱ ያየውን ማሳ ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ቢያየው፣ ሁሉም በአንድ ቅጽ ቢሞላ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ገንዘብ የማይገዛው መረጃ ይኖራችኋል። የኮምፒዩተርና የሒሳብ ሰዎች፣ ከስልክ የሚመጣውን መረጃ የሚያስተናግድ፣ ኔትወርክ በሌለበትም የሚሠራ፣ በአማርኛ የሚጠይቅ ነገር ሥሩልን። ኢኮኖሚስቶች፣ ምልክት የተደረገበትን ዛፍ ላልቆረጠ ገበሬ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጣውን የከሰል ዋጋ ማን ይክፈለው? ይህን አስሉልን። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ሌላ የዲከረንስ ዘር ከአውስትራሊያ ማስገባት ቢያስፈልግ ከሕጋዊው የኳራንቲን መንገድ ሳይወጣ እንዲሆን በእውቀታችሁም በግንኙነታችሁም እርዱ። በሻንጣ ግን እንዳታመጡ፤ አደራ! አንድ በሽታ ይበቃናል።

የእነዚያ የሽማግሌው ማሳ አሁን በቅጹ ላይ አለ። ቀኑ ተጽፏል፣ የታመመው ተቆጥሯል፣ ሦስት ዛፎች ደግሞ ግንዳቸው ላይ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። ከክረምቱ በኋላ ተመልሰን እናያቸዋለን። ከእናንተ መካከል ተማሪ ይዞ አብሮን የሚወጣ መምህር ካለ ፈረስ ቤት ቤት ለእንግዳ ነው።